195 ጎማ በ9 ኢንች ቸርኬ ላይ፦ ጎሚስታዬ አልገጥምም ብሎ መለሰኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ከዓመት በፊት ሞላውን ቀይሬ አራት ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ወር ሶማሌ ተራ ስዞር ከሻርጃ የመጣ፣ ከንፈሩ የሚያበራ፣ ባለ 16 ኢንች ቸርኬ አገኘሁና ሳላንገራግር ገዛሁት። ስፋቱ 9 ኢንች፣ ኢቲው (ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ እንደሚቆም የሚወስነው ቁጥር) 30 ነው። ልገጥምበት ያሰብኩት 195/45 ጎማ ነው፤ ወርዱ 195 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ ማለት ነው። ጎማው ከቸርኬው ስለሚጠብ ጎኑ ተወጥሮ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የቸርኬው ከንፈርም ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ይህን መልክ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ጭኜ መካኒሳ ወዳለው ጎሚስታዬ ሄድኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጎማዬን የነካ ሌላ ሰው የለም። ጎማውን አንስቶ ቸርኬው ላይ ጋደም አደረገውና በጎማው ጠርዝና በቸርኬው ከንፈር መካከል ጣቱን አስገባ። ሁለት ጣት ገባ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳ መኪናዬ ውስጥ መልሶ ጫነልኝ። ሌላ ቦታ የሚገጥምልኝ ሰው እንደማላጣ፣ እሱ ግን ልጆቼን በስማቸው ስለሚያውቃቸው እጁን እንደማያስገባበት ነገረኝ። ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። እሱ ያልለመደውን ነገር ፈርቶ ነው ወይስ እኔ ያላየሁት ነገር አለ? በጀርመንም በጃፓንም ስንት መኪና እንዲህ ሆኖ ይሄዳል። እኔ በሥራ ቀን ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከጀሞ ካዛንቺስ እመላለሳለሁ፤ በወር አንዴ ደግሞ አዳማ እናቴ ዘንድ እንወርዳለን። የምታውቁ ንገሩኝ።

በአራት ቀን ውስጥ 34 መልስ መጣ። መሀል ላይ ገብቶ ነገሩ የጠፋበት ሰው ስለበዛ ምን እንደተባለ በራሴ አነጋገር ከላይ ጀምሬ ላስቀምጠው። የደገፈኝንም የተቆጣኝንም አልዘለልኩም።

መልስ 1 ከቦሌ ነው። ልጁ ጎልፍ ይነዳል፤ 205/40 ባለ 17 ጎማ በ8.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ገጥሞ ሁለት ክረምት አሳልፏል። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ፤ አንድም ቀን ችግር እንዳልገጠመውና ጎሚስታዬ ሥራው ስላስቸገረው ብቻ እንደተወው ያለውን ግምት ጻፈ። የመኪናውን ፎቶም አስከተለ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

መልስ 2 በሁለት መስመር ያለቀ ነው፤ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበትን የጠየቀው እሱ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ጎማውና ቸርኬው ስንት እንደነበር እንድነግረው ፈለገ። ወርጄ አየሁ። ጎማው 195/60 ባለ 15፣ የክብደት ቁጥሩ 88፤ ቸርኬው 6 ኢንች፣ ኢቲ 45።

መልስ 3 ሒሳቡን ሠራው። ከ6 ወደ 9 ሲኬድ ሦስት ኢንች ይጨምራል፤ ሦስት ኢንች 76 ሚሊሜትር ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 38 ወደ ውጭ፣ 38 ወደ ውስጥ። የኋላውን ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ቆርቆሮ) ጠርዝ ወደ ውስጥ ካጠፍኩት በቂ እንደሆነም አከለ።

መልስ 4 በጣም በትሕትና አረመው። ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ አልተናገረም፤ አጻጻፉ ግን ለዓመታት ሲለካ የኖረ ሰው አጻጻፍ ነው። መልስ 3 ኢቲውን ረስቷል። ኢቲ ማለት ከቸርኬው ወርድ መሀል አንስቶ ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበት ክፍል) ላይ እስከሚያርፍበት ፊት ድረስ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። የእኔ ከ45 ወደ 30 ወርዷል፤ 15 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ተገፋ ማለት ነው። ስለዚህ የውጩ 38 ሲደመር 15፣ 53 ሆነ፤ የውስጡ 38 ሲቀነስ 15፣ 23 ሆነ። ቸርኬው በየጎኑ ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ይወጣል፤ አሞርዛተሩንም በሁለት ሴንቲሜትር ይጠጋዋል። ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚመለከተው የውጩን መሆኑን፣ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው የውስጡ መሆኑን ጻፈ። መልስ 3 ወዲያው አመሰገነው። እስከዚህ ድረስ ክሩ (የመድረኩ ውይይት) የጨዋ ሰዎች ክር ነበር።

መልስ 5 ፍራንክፈርት የሚኖር ወንድማችን ነው፤ ነገሩን ወደ ታሪኩ ወሰደው። ኦስትሪያ ውስጥ ቮርተርዜ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በዳርቻው ራይፍኒትስ በምትባል ትንሽ መንደር ከ1982 ጀምሮ የጎልፍ ጂቲአይ ባለቤቶች ለብዙ ዓመታት ይሰበሰቡ ነበር። መንደሯ ውስጥ ከድንጋይ የተቀረጸ ጎልፍ ቆሟል። ዝቅ ያለ መኪናና የተወጠረ ጎማ በአውሮፓ ልምድ እየሆነ የመጣው እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች እንደሆነ አስረዳ። ቀጥሎ ያለው ነው ጆሮዬን ያቆመው። ጀርመን ውስጥ ማንም ተነስቶ የፈለገውን አይገጥምም። ጎማው ከተፈቀደለት የቸርኬ ስፋት ሲያልፍ የጎማው ፋብሪካ በጽሑፍ መፍቀዱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል፤ የቱፍ (የመኪና ምርመራ ድርጅት) መርማሪ መኪናውን አይቶ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሮ፣ ጎማው የሚነካው ነገር እንደሌለ አረጋግጦ ነው በመኪናው ሰነድ ላይ የሚያሰፍረው። በፎቶ የምናየው መኪና ከኋላው ወረቀት አለው። ይህን አላውቅም ነበር።

መልስ 6 ላይ ቆም እላለሁ። የጻፉት በጎሚስታነት ሠላሳ ዓመት የሠሩ አባት ናቸው፤ አሁን ልጃቸው ነው የሚሠራው። ስልክ ላይ ማየት ስለሚያስቸግራቸው ልጃቸው እንደጻፈላቸውም ተናግረዋል።

እሳቸው ስለ ቸርኬው ምንም አላሉም። የጠየቁት ጎማው የሚሸከመውን ነው። ጎማዬ ላይ ያለው 88 ማለት አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የገዛሁት 195/45 ባለ 16 ግን ቁጥሩ 80 ነው፤ 80 ማለት 450 ኪሎ። በአንድ ጎማ 110 ኪሎ፣ በአራቱ 440 ኪሎ ቀንሻለሁ። መኪናዋ ያው ናት፤ ልጆቹ ያው ናቸው፤ እንዲያውም ያድጋሉ። ጎማውን ቀና አድርጌ ጎኑን እንዲያነብልኝ ልጄን ብጠይቀው ቁጥሩን በአንድ ደቂቃ እንደሚያገኘውም ጨመሩ። እውነታቸውን ነው፤ ጎማውን ስገዛ ያነበብኩት 195 እና 45ን ብቻ ነበር፤ ከጎናቸው ያለውን 80 አይቼው አላውቅም።

ቀጥለው ስለ ጎማው ጎን ጻፉ። የጎማ ጎን ሲታይ ጎማ ብቻ ይመስላል እንጂ መኪናውን የሚሸከመው እዚያ ውስጥ የታሰረው ንፋስና የጎማው ክር ነው። ጎኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ሞላ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ወደ ውስጥ ሲወጠር ግን የሚታጠፍበት ቦታ አያገኝም። ጉድጓድ ሲመጣ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው የቸርኬው ከንፈር ይሆናል። ብዙ የተሰነጠቀ ቸርኬ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ ጉድጓዱ በውኃ ተሸፍኖ ከከረመ በኋላ፣ ወደ እሳቸው እንደሚመጣ ገለጹ።

መልስ 7 ለእሳቸው የተሰጠ ነው፤ ድምፁም ከፍ ያለ ነው። ኮሮላ ባዶዋን 1,100 ኪሎ ገደማ ናት፤ አራት ሰው ከነሻንጣው ቢጫን 1,500 አካባቢ ይደርሳል፤ አራት ጊዜ 450 ደግሞ 1,800 ነው። ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር የለም ባይ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል በዚህ ተጽናናሁ።

መልስ 8 (ያው የመልስ 4 ሰው ነው) ያንን መጽናኛ ወሰደብኝ። መኪና ክብደቱን ለአራት እኩል አካፍሎ አይሄድም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ አንዱ የፊት ጎማ ከሩቡ እጅግ የበለጠ ይሸከማል። ጉድጓድ ሲጨመርበት ደግሞ ለአፍታም ቢሆን ይበልጣል። ከሁሉ የከፋው ግን 450 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ጎማው በተፈቀደለት ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ብቻ መሆኑ ነው። ለ195/45 የተፈቀደው ከ6 እስከ 7.5 ኢንች ነው። ከዚያ ካለፈ በኋላ ቁጥሩ ጎማው ላይ ተጽፎ ይቆያል እንጂ ፋብሪካው አይቆምለትም። ይህን ሲል ለመልስ 1ም አንድ ነገር አስታወሰው፤ ለ205/40 እስከ 8 ኢንች ይፈቀዳል፤ የእሱ 8.5 ግማሽ ኢንች ነው ያለፈው፤ የእኔ አንድ ኢንች ተኩል ነው። ሁለቱን አንድ ስም ሰጥቶ ማወዳደር ልክ አይደለም። አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በ120 ለግማሽ ሰዓት ሲነዳ ጎማ የሚግለው ጎኑ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሆነና ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ፈጥኖ እንደሚግልም አከለ።

ከ9 እስከ 12 ያሉት አጫጭር ናቸው። አንዱ ቸርኬው የት እንደተገዛ ጠየቀ፤ አንዱ መኪና ዝቅ ሲል ነው የሚያምረው አለ፤ አንዱ የሚያምረው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ብሎ ተቃወመው፤ አንዱ በንፋስ የሚወጣና የሚወርድ ሰስፔንሽን ባስገባ ሁሉም ችግር እንደሚቀር ጻፈ። የመጨረሻው አልገባውም። ሰስፔንሽኑ ቁመትን ይቀይራል እንጂ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አያስታርቀውም።

መልስ 13 የአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እህታችን ናት። ሲቪክ አላት፤ ዝቅ ያለ፣ ጎማው በመጠኑ የተወጠረ፤ ሁለት ዓመት በየቀኑ ነድታዋለች። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ያልፋል፤ የእሷም አልፏል። ስለዚህ ነገሩን የምትጠላ ሰው አይደለችም፤ ለዚህ ነው የጻፈችውን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት።

አንድ ምሽት መኪናዋን ስታቆም የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት በረዶ ነክቶ አደረ። የጎማ ንፋስ አየሩ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። አንዱ ጎማ ቀድሞም ቀስ እያለ ያፈስ ነበር። ሳትለካ ወጣች። ከዋናው አውራ ጎዳና መውጫው ላይ በቀኝ ስትታጠፍ የግራ የፊት ጎማ ጠርዝ ከመቀመጫው ተነቅሎ ወደ ቸርኬው መሀል ገባ፤ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ወጣ። ከኋላዋ የሚመጣ ስላልነበረ ተረፈች። ቀጥ ያለ ጎን ንፋሱ ሲያንስ ያብጣል፣ ለዓይን ይታያል። የተወጠረ ጎን ግን 20 ፒኤስአይም ይኑረው 35 ከሩቅ መልኩ ያው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ በበኩሌ ከክሩ ሁሉ አስበልጬ ይዤዋለሁ። አሁን በየሳምንቱ ትለካለች፤ መለኪያው ከወንበሯ ጎን አይለይም።

መልስ 14 ሴት ልጅ ጎማ ስለማትለካ ነው የሚል ነገር ጻፈ። መልስ 15 የመጣው ከመልስ 6 አባት ነው፤ ከስንት ወንድ ሾፌር በቀን ስንቱ በባዶ ጎማ እየነዳ እንደሚመጣባቸው ገልጸው ልጁ ይቅርታ እንዲጠይቅ አዘዙት። ጠየቀም።

መልስ 16 ሻርጃ የጎማ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። የተወጠረ ጎማ እንዴት እንደሚገጠም ለማያውቅ ሰው በደንብ አሳየ። ተራ ጎማ ንፋስ ሲገባበት ጠርዙ ራሱ ወደ ቸርኬው ከንፈር ይሄድና ጧ ብሎ ይቀመጣል። የተወጠረው ግን ጠርዙና ከንፈሩ ስለሚራራቁ ንፋሱ በመሀል ይወጣል። ስለዚህ ጠርዙን በሳሙና ይቀቡታል፤ የጎማውን መሀል ዙሪያውን በቀበቶ ጠፍረው ያጠብቁታል፤ መሀሉ ሲጨመቅ ጠርዞቹ ወደ ጎን ይወጣሉ። ከዚያ ከትንሽ በርሜል ብዙ ንፋስ በአንድ ጊዜ ይለቁበታል። አንዳንዱ የሚቀጣጠል ስፕሬይ ረጭቶ በክብሪት ያፈነዳዋል፤ ቪዲዮውን ሁላችንም አይተናል። አብሮት የሚሠራ ልጅ በዚሁ ምክንያት እጁና ቅንድቡ ተቃጥሏል። ጎማው ሲፈነዳ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጠርዙ እስኪቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ በላይ አይነፋም፤ በ40 ካልተቀመጠ ይፈታል፣ እንደገና ይቀባል። ብዙ ሱቅ ግን ደንበኛ ቆሞ ሲያይ 60ም 70ም ይነፋል። ጎሚስታዬ እምቢ ማለቱ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለራሱ እጅም እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ቅዳሜ ዕለት ይህን አላሰብኩትም፤ በሰውዬው ማዘኔም ቆጨኝ።

ከመልስ 17 ጀምሮ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ የዲኤክሱን ሞላ በግራይንደር ሁለት ዙር ቆርጦ ዝቅ እንዳደረገውና ከእኔ ሁሉ ገንዘብ ይልቅ የእሱ ዘዴ እንደሚበልጥ ጻፈ። መልስ 18 መካኒክ ነው፤ እርስዎ እያለ በአክብሮት ጀመረ። የተቆረጠ ሞላ መኪናው በክሪክ ሲነሳ ወይም ብሬከር ላይ ሲዘል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። መልስ 19 ላይ ቆራጩ እርስዎነቱን ትቶ አንተ ብሎ መጣበት፤ መካኒክ ሁሉ ዕቃ ለመሸጥ ያስፈራራል የሚል ነው ነገሩ። መልስ 20 ላይ መካኒኩም አንተ አለው። 21 ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው፤ ስድብ ስለነበረበት የመድረኩ ኃላፊ አንስቶታል። 22 ኃላፊው ራሱ ነው፤ ሁለቱንም ለአንድ ቀን አስወጣቸው። መካኒኩን ማስወጣቱ አልተዋጠልኝም። የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ አንድ አንተ ብቻ ናት።

መልስ 23 ጃፓን የተማረ ሰው ነው። እዚያ ሻኬን በሚባለው ምርመራ የመኪናው ሆድ ከመሬት ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፤ ቸርኬም ከፓራፋንጎ አይወጣም። ጎማው በጣም ተጋድሞ የምናያቸው መኪኖች አብዛኞቹ ለምርመራ ቀን ሌላ ቸርኬ እንደሚያስገቡ ነገረን።

24 ስለ ድሮ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች የጻፈ ትዝታ ነው። ያምራል፣ ግን ከጎማ ጋር አይገናኝም።

መልስ 25 ከርዕሱ ቢወጣም ጠቅሞኛል። አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ጎማ አዳማ ሲለካ በ1 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ይገኛል፤ ወደ 700 ሜትር ስንወርድ የውጩ አየር ስለሚከብድ ነው። ጎማው ስላፈሰሰ አይደለም። በእርግጥ መንገዱ ላይ ስለሚግል ወዲያው ሲለካ ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ከማደር በፊት አይለካም። እናቴ ቤት አድሬ ጠዋት መለካት እንዳለብኝ ገባኝ።

26 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ስለገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነው። ባትሪው ስለሚከብድ ሁለት ቶን የሚያልፉ አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ጎማ ሲያልቅ ልኩን አይተው ያለውን ርካሽ ይገዛሉ፤ የክብደት ቁጥሩን አያዩም። ራሱን የቻለ ክር ሊከፈትበት ይገባል፤ ሰውየውንም እንዲከፍተው ጠይቄዋለሁ።

መልስ 27 ወደ እኔ መለሰን። መልኩን የምወድ ከሆነ 16 ኢንቹን ይዤ ስፋቱን 7 ባደርገው፣ 205/50 ብገጥምበትና የክብደት ቁጥሩ 91 የሆነውን የተጠናከረ ጎማ ብመርጥ እንደሚሻል ጻፈ። ዙሪያው ከፋብሪካው በአንድ በመቶ እንኳ አይለይም። የእኔ 195/45 ግን ከፋብሪካው ያንሳል፤ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በእውነት የምሄደው 95 አካባቢ ነው የሚሆነው። ተራው 205/50 ቁጥሩ 87 እንደሆነና ከ88 ስለሚያንስ እንዳልሳሳት አስጠነቀቀኝ።

መልስ 28 ላይ የመልስ 4 ሰው የራሱን ቁጥር አረመ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ቀድሞ የሰጠኝ 23 ሚሊሜትር ከቸርኬ እስከ ቸርኬ ነው። የፋብሪካው ጎማ ግን ከ6 ኢንች ቸርኬው ወጥቶ ያብጣል፤ በአዲሱ ደግሞ ጎማው ስለሚገባ ከሁሉ የሚወጣው የቸርኬው ከንፈር ነው። ስለዚህ አሁን ካለው ጎማ ጎን ተነስቶ ሲለካ አዲሱ ወደ ውስጥ የሚጨምረው 14 ገደማ፣ ወደ ውጭ 44 ገደማ ነው። ገምቼ እንዳልተወው፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ከጎማው እስከ አሞርዛተሩ ያለውን ራሴ እንድለካው ነገረኝ።

29ኛው የእኔ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ባትሪ ይዤ ወረድኩ። የልጄን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ከጎማው ጀርባ አስገብቼ ለካሁ፤ ማስመሪያው ከዜሮው በፊት ትርፍ ስላለው ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ላይ ጫፉን ቆርጬ ለካሁት። 12 ሚሊሜትር። የሚያስፈልገኝ 14 ነው። በውጭ በኩል ደግሞ ጎማዬ ከፓራፋንጎው ጠርዝ 19 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው የቆመው፤ 44 ሲወጣ 25 ሚሊሜትር ከመኪናው ውጭ ይቀራል። ያንን ጎማውን በማጋደም ልደብቀው ብል አንድ ዲግሪ ከላይ የሚያስገባው 5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አምስት ዲግሪ ማጋደም አለብኝ። የጎማዬ የውስጥ ጠርዝ በጥቂት ወራት ያልቃል። የኩሽኔታውን ነገር አላነሳሁም።

መልስ 30 የመጀመሪያው የቦሌ ልጅ ነው። ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚገባ ብረት) አስገብቼ ከአሞርዛተሩ ማራቅ እንደምችል ጻፈ። 31 ያ 25 ወደ ውጭ የሚቀረውን እንደሚያባብሰው መለሰለት። ልጁ አልተቆጣም። የእሱ መኪና ላይ በሠራው አይጸጸትም፤ የእኔ ግን የቤተሰብ መኪና እንደሆነች፣ ልጆች እንደሚጫኑባት አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። የጎልፉንም የክብደት ቁጥር ወርዶ አይቶ መጣ፤ 84 ነው፤ በሩ ላይ ያለው ወረቀት የሚጠይቀው 91። የሚቀጥለውን ጎማ ሲገዛ እንደሚያስተካክለው ጻፈ።

32 የአሌክሳንድሪያዋ እህት ናት፤ የገዛችውን የጎማ ንፋስ መለኪያ ዓይነት ለጠየቋት መለሰች። 33 ላይ የመልስ 6 አባት ጎሚስታዬ መካኒሳ የት ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። በወጣትነቱ እሳቸው ጋ የሠራ ልጅ እንዳይሆን ጠርጥረዋል። ነገርኳቸው፤ ዛሬ ጠዋት ሄጄም ጠየቅኩት። እሱ ነው። ስማቸውን ስጠራለት የያዘውን ጎማ መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሳ።

34 የመጣው ከሰዓት በፊት ነው። ቸርኬዎቹን ከሸጥኩ እንድሰጠው የሚፈልግ ሰው ነው፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። አሁን በረንዳ ላይ በአንሶላ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ምን መኪና እንዳለው፣ ጎማው ላይ የክብደት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ከጎማው እስከ አሞርዛተሩ ስንት ሚሊሜትር እንዳለው ለክቶ እንዲጽፍልኝ ጠይቄዋለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።